በዕጣ የተሾሙ ዳኞች፦ ከአቴና የወረስነውና ያልወረስነው

የጎፋ ሰው (ክሩን የከፈተው)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

ስለ ምርጫ ሕግ በተከፈተው ክር ላይ «የዴሞክራሲ እናት አቴና ናት፤ ምርጫን ለዓለም ያስተማረችውም እርሷ ናት» የሚለው ሐሳብ በተደጋጋሚ ስለ ተነሣ፣ ጉዳዩ ለብቻው ቢታይ ይሻላል ብዬ ይህን ክር ከፍቻለሁ። የአባባሉ የመጀመሪያ ግማሽ ብዙ አያከራክርም። ሁለተኛው ግን አቴናውያን ራሳቸው ያምኑት ከነበረው ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። አርስቶትል ስለ ፖለቲካ በጻፈው መጽሐፉ እንደሚነግረን፣ ሹማምንትን በዕጣ መሾም የዴሞክራሲ፣ በምርጫ መሾም ደግሞ የጥቂቶች አገዛዝ ጠባይ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ በምርጫ የሚያሸንፈው ስም ያለው፣ ሀብት ያለውና አንደበቱ የተፈታ ሰው ሲሆን፣ ዕጣ ግን ጫማ ሰፊውን ከባለርስቱ አይለይም።

አሠራሩን ጥቂት ላብራራ። የአምስት መቶው ምክር ቤት የአቴናን አስተዳደር ያሻሻለው ክሊስቴኔስ በ508 ቅ.ል.ክ. ገደማ ካዋቀራቸው ዐሥር ነገዶች፣ ከእያንዳንዳቸው 50 ሰው በዕጣ እየወጣ ይሞላ ነበር። ዕድሜው 30 የሞላው ዜጋ ለአንድ ዓመት ያገለግላል፤ በዕድሜው ሙሉ ከሁለት ጊዜ በላይ እንዲቀመጥ ግን አይፈቀድለትም። ነገዶቹ ዓመቱን ለዐሥር ተካፍለው በየተራ ሲመሩ፣ ተራው የደረሰው ነገድ ከ50ዎቹ መካከል በየዕለቱ አንድ ሊቀ መንበር በዕጣ ያወጣል። ያ ሰው ለአንድ ቀንና ለአንድ ሌሊት የመንግሥቱን ማኅተም፣ እንዲሁም ገንዘቡና መዝገቡ የሚቀመጡባቸውን ቤተ መቅደሶች ቁልፍ ይይዛል፤ ቀኑ ሲሞላ ያስረክባል፤ ሹመቱም በሕይወቱ ሁለተኛ አይደርሰውም። ትናንት ወይራ ሲለቅም የዋለ ገበሬ ዛሬ የሀገሩን ማኅተም ይዞ ያድር ነበር ማለት ነው።

የፍርድ ሸንጎውም እንዲሁ ነበር። በየዓመቱ 6,000 ዜጎች ለዳኝነት ይመዘገባሉ፤ ችሎት በሚቀመጥበት ቀን ጠዋት ከእነዚህ ውስጥ የዕለቱ ዳኞች በዕጣ ይለያሉ። መሣሪያው ክሌሮቴሪዮን ይባላል፤ ስብርባሪዎቹ ዛሬም በአቴና የአጎራ (የጥንቱ ገበያ አደባባይ) ሙዚየም ይታያሉ። ቁመት ያለው የድንጋይ ሰሌዳ ሲሆን፣ ፊቱ ላይ በአምስት ዓምድ የተደረደሩ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉት። እያንዳንዱ ዳኛ የራሱ፣ የአባቱና የመንደሩ ስም የተጻፈበት ትንሽ ሰሌዳ አለው፤ ሰሌዳዎቹ በስንጥቆቹ ውስጥ ይሰካሉ። ከጎን ባለው ቱቦ ነጭና ጥቁር ጠጠሮች ተደባልቀው ይጨመሩና አንድ በአንድ ይወርዳሉ። ነጭ ከወረደ በዚያ ረድፍ ያሉት አምስቱ ሰዎች ወደ ችሎት ይገባሉ፤ ጥቁር ከወረደ አምስቱም ሰሌዳቸውን ተቀብለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት አንድ ነገር ለማለት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ከአቴና የወረስነው ተቋሙን ሳይሆን ሙግቱን ነው። ዜኖፎን እንደ ዘገበው፣ ሶቅራጥስ ከተከሰሰባቸው ነገሮች አንዱ «መርከብ የሚመራን፣ ቤት የሚሠራን ወይም ዋሽንት የሚነፋን ሰው ማንም በባቄላ አይመርጥም፤ የሀገር መሪን ግን በባቄላ መሾም ሞኝነት ነው» ብሎ ወጣቶችን አስተምሯል የሚል ነው። ዕጣ የሚያወጡት በነጭና በጥቁር ባቄላ ስለ ነበር ነው እንዲህ ያለው። ከዚህ በተቃራኒ የቆመው ደግሞ ፕላቶ በመምህሩ በፕሮታጎራስ አንደበት ያስቀመጠው መልስ ነው። የአማልክት አለቃ ዜውስ ለሰው ልጆች ሕክምናን የመሰለውን ሙያ ለጥቂቶች ሲሰጥ፣ ፍትሕንና ኀፍረትን ግን መልእክተኛው ሄርሜስ ለሁሉም እንዲያከፋፍል አዘዘ፤ ስለዚህ በጉባኤ ላይ ስለ ግንባታ ሲመከር አናጢው ብቻ ይደመጣል፤ ስለ ሀገር ሲመከር ግን አንጥረኛውም ጫማ ሰፊውም ይነሣል። የዛሬው የባለሙያና የተራ ዜጋ ክርክር፣ ከማዕከላዊ ባንክ ነፃነት እስከ ወረርሽኝ ቁጥጥር ድረስ፣ ከእነዚህ ሁለት አቋሞች ወጥቶ አያውቅም ባይ ነኝ። ሐሳባችሁን እጠብቃለሁ።


ሕግ አንባቢ

ወንድሜ የጎፋ ሰው፣ ስለ ጥንቃቄህ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ግን ሳይመለስ አልፏል። ዘመናዊው ዓለም አቴናን እንዲህ የሚያደንቅ ከሆነ ዕጣን ለምን ጣለው?

መልሱ በከፊል የጽሑፍ ዕድል ነው። የአቴናን አስተዳደር ከነዝርዝሩ የሚተርከው፣ ከአርስቶትል ትምህርት ቤት የወጣው ሥራ ለረጅም ዘመን ጠፍቶ ነበር። የተገኘው ከግብፅ በመጣ ፓፒረስ ላይ ሲሆን፣ አንድ የእርሻ ንብረት ተቆጣጣሪ በአንደኛው ክፍለ ዘመን ዓ.ም. ገቢና ወጪ በመዘገበበት ብራና መሰል ቅጠል ጀርባ ተጽፎ ነበር። ለሕትመት የበቃው በ1891 እ.ኤ.አ. ነው። የጎፋ ሰው የገለጸው የዕጣ መሣሪያ ዝርዝር የሚገኘው በዚህ ሥራ መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ በ1787 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ላይ የአሜሪካን ሕገ መንግሥት የጻፉት ሰዎች ይህን አላነበቡም።

ሆኖም ባለማወቅ ብቻ ነው የጣሉት ማለት አይቻልም። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሞንቴስኪዩ በ1748 እ.ኤ.አ. ዕጣ የዴሞክራሲ፣ ምርጫ የመኳንንት አገዛዝ ጠባይ ነው ብሎ የአርስቶትልን ሐሳብ በግልጽ ደግሞታል፤ እርሱን ደግሞ አሜሪካኖቹ በደንብ አንብበውታል። ከሕገ መንግሥቱ ጸሐፊዎች አንዱ ማዲሰን በ1788 እ.ኤ.አ. ሲጽፍ፣ እያንዳንዱ የአቴና ዜጋ ሶቅራጥስ ቢሆን እንኳ የአቴና ጉባኤ ያው የሕዝብ ግርግር ከመሆን አይድንም ነበር ብሏል። እነዚህ ሰዎች የፈለጉት «የተሻሉት» እየተመረጡ ስለ ሕዝቡ የሚወስኑበትን ሥርዓት ነው፤ ይህንንም ሪፐብሊክ አሉት። በኋላ ያው ሥርዓት ዴሞክራሲ ተባለ። እንዲያውም በጣሊያን ከተሞች ዕጣ ብዙ ዘመን ቆይቷል፤ ቬኒስ መስፍኗን የምትሰይመው ዕጣና ድምፅ በተፈራረቁበት ውስብስብ መንገድ ነበር፤ ሪፐብሊኳ በ1797 እ.ኤ.አ. እስክትወድቅ ድረስም አልተወችውም።

ሌላው ማሳሰቢያዬ የሚከተለው ነው። ከዚህ በኋላ የሚጽፍ ሰው «የአሜሪካና የእንግሊዝ ጁሪ (ከተራ ዜጎች የሚውጣጣው የፍርድ ሸንጎ) ከአቴና መጣ» እንዳይል እለምናለሁ። የእንግሊዙ ጁሪ የራሱ ሐረግ አለው፤ ንጉሡ የአካባቢን ሰዎች አስምሎ ምስክርነት ከሚጠይቅበት የኖርማን ልማድ ያደገ ነው። በ1215 እ.ኤ.አ. የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የላተራን ጉባኤ ካህናት በእሳትና በውኃ ከሚደረግ የፍርድ ፈተና እንዲወጡ ካዘዘ በኋላ ቦታውን እየያዘ ሄደ። ከአቴና ጋር የሚያገናኘው ሐሳቡ እንጂ የዘር ሐረጉ አይደለም።


ከሜሪላንድ

ሕግ አንባቢ የተናገሩትን ተቀብዬ፣ ስለ ሐሳቡ ግን የማውቀውን ላካፍል። እዚህ አሜሪካ ዜግነት ከያዝን በኋላ ብዙዎቻችንን የሚያስደነግጠን ፖስታ የጁሪ ጥሪ ነው። ስማችን ከመራጮች መዝገብና ከመንጃ ፈቃድ ዝርዝር በዕጣ ይወጣል። ያገሬ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «እንዴት ነው የማመልጠው?» ብሎ ነው፤ እኔም ከሥራ ላለመቅረት ብዬ ይህንኑ ጠይቄ ነበር። አላመለጥሁም።

ስለ ጉዳዩ ዝርዝር አልናገርም። የማልረሳው ግን የምክክሩን ክፍል ነው። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር፣ የሶፍትዌር ባለሙያ፣ የምግብ ቤት አብሳይ እና እኔ፣ ሌሎችም ተቀምጠን ነበር። የመጀመሪያውን ድምፅ ስንሰጥ እኩል ለእኩል ተከፈልን። ከዚያ በኋላ ሾፌሯ የአንድ ምስክርን ቃል ከማስታወሻዋ አውጥታ፣ ሰዓቱ ከሌላው ምስክር ጋር እንደማይገጥም ቀስ ብላ አሳየችን፤ ሶፍትዌር ባለሙያው ደግሞ ያላስተዋለውን ነገር ሲሰማ ሐሳቡን ለወጠ። ማንኛችንም ሕግ አልተማርንም። ዳኛው ሕጉን አስረዱን፤ እውነቱን የመለየት ሥራ ግን የእኛ ነበር።

አቴና ላይ ይህ ክፍል አልነበረም። ዳኞቹ ከሳሽና ተከሳሽ በውኃ ሰዓት እየተለካላቸው ሲናገሩ ሰምተው፣ እርስ በርስ ሳይመካከሩ ወዲያው ድምፅ ይሰጡ ነበር። ሁለት ሁለት የነሐስ ክብ ይሰጣቸዋል፤ የአንዱ ዘንግ መሐሉ ክፍት፣ የሌላው ድፍን ነው። ክፍቱ ለከሳሽ፣ ድፍኑ ለተከሳሽ ነው። ዘንጉን በአውራ ጣትና በሌላ ጣት ጫፍና ጫፉን ሸፍኖ ለያዘ ሰው የትኛውን እንደ ጣለ አጠገቡ ያለው እንኳ አያይም። ምሥጢራዊነቱ የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ሳይነጋገር ፍርድ መስጠቱ ይቆረቁረኛል፤ በእኛ ክፍል ሳንነጋገር ወስነን ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር። አቴና ዕጣውን አስተማረች፤ ምክክሩን ያመጡት ሌሎች ናቸው።

ስለ አበሉም ብናነሣ፣ አቴና ውስጥ ዳኛ በቀን ሦስት ኦቦል (የብር ሳንቲም) ያገኝ ነበር፤ ይህም የአንድ የእጅ ባለሙያ የቀን ገቢ ግማሽ ያህል ነው። እዚህ የፌዴራል ፍርድ ቤት በቀን 50 ዶላር ይሰጣል። ታክሲ የሚነዳ ወንድማችን ለምን ማምለጥ እንደሚፈልግ ይገባኛል።


የአራዳ ልጅ

ጥሩ ጥሩውን ሁሉ ተናገራችሁ፤ መጥፎውን ደግሞ እኔ ልናገር። ሶቅራጥስን በ399 ቅ.ል.ክ. የገደለው ይኸው በዕጣ የተሞላ ሸንጎ ነው። የዳኞቹ ቁጥር 501 እንደ ነበረ ይታመናል፤ ሶቅራጥስ ራሱ በፕላቶ ጽሑፍ ውስጥ ሠላሳ ድምፅ ወደ ሌላው ወገን ቢዞር ኖሮ እፈታ ነበር ይላል። ከከሳሾቹ አንዱ አኒቶስ ነው። ሕግ አንባቢ የጠቀሱት ያው የፓፒረስ ጽሑፍ፣ አኒቶስ ፒሎስ የተባለውን ምሽግ በማስወሰዱ ሲከሰስ ዳኞችን በጉቦ በመግዛት የመጀመሪያው ሰው እንደ ነበር ያስረዳል። እንግዲህ ዕጣው ጉቦን ያስቀራል የተባለለት ሥርዓት ጉቦ ሰጪውን ነፃ ለቅቆ፣ ሳንቲም የማይቀበለውን ፈላስፋ መርዝ አጠጣ።

ከዚህም በላይ «ዕጣ ሰው አይለይም» የሚለው አባባል ዕጣው ውስጥ የገባው ማን እንደሆነ ይረሳል። ባሪያው አልገባም። ሴቲቱ አልገባችም። በአራተኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. አዋቂ ወንድ ዜጎች 30,000 ገደማ እንደ ነበሩ ይገመታል፤ የላውሪዮን የብር ማዕድን ውስጥ በእሳት ብርሃን ድንጋይ የሚፈልጡት ባሮች ብቻ በብዙ ሺህ ይቆጠራሉ። ሊቀ መንበሩ ማኅተሙን ይዞ የሚያድርበትን የትርፍ ጊዜ የገዛለት የማን ጉልበት ነው?


የጎፋ ሰው

ወንድሜ የአራዳ ልጅ፣ የባሮቹን ጉዳይ ያነሣኸው በትክክል ነው፤ ልከራከርህ አልሻም። ስለ ሶቅራጥስ ግን ታሪኩን ከግማሹ ጀመርኸው።

በ406 ቅ.ል.ክ. የአቴና መርከቦች በአርጊኑሳይ ደሴቶች አጠገብ ስፓርታን ድል ሲነሡ፣ ከማዕበሉ የተነሣ ከሰመጡት መርከቦች የተረፉትን መርከበኞች ማዳን አልተቻለም። ሕዝቡ ተቆጣ፤ የጦር አዛዦቹም ሁሉ በአንድ ድምፅ፣ በአንድነት እንዲፈረድባቸው ሐሳብ ቀረበ። ሕጉ ግን እያንዳንዱ ተከሳሽ ለብቻው እንዲዳኝ ያዝዛል። በዚያ ቀን ጉባኤውን የሚመሩት 50ዎቹ የምክር ቤት አባላት ናቸው፤ ከእነርሱ አንዱ ሶቅራጥስ ነው። እንዴት ገባ? በዕጣ። ሹመት ፈልጎ የማያውቅ ሰው ዕጣ ወጥቶለት በዚያ ቦታ ተቀምጦ ነበር። ሕዝቡ እየጮኸ፣ ተናጋሪዎቹም እንክሰስህ እያሉ ሲያስፈራሩት ሕጉን የሚጥስ ድምፅ እንዲሰጥ አልስማማም ብሎ ቆመ። አልተሳካለትም፤ አቴና ውስጥ የነበሩት ስድስት አዛዦች ተገደሉ። አዛዦቹ የተመረጡት ደግሞ በዕጣ ሳይሆን በእጅ ማንሣት ነበር። ምርጫ ሶቅራጥስን ለምክር ቤት ያበቃው ነበር ብዬ አላምንም፤ ለምርጫ የሚወዳደር ዓይነት ሰው አልነበረም።

ዕጣ ጭፍን ነው ለሚለውም፣ አቴናውያን ዕጣን ብቻውን አልተዉትም። ዕጣ የወጣለት ሰው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይመረመራል። ለዘጠኙ አርኮኖች (የከተማዋ ከፍተኛ ሹማምንት) የሚቀርበው ጥያቄ ተጽፎ ተላልፎልናል። አባትህ ማን ነው፣ እናትህስ፣ የቤተሰብህ መቃብር የት ነው፣ ወላጆችህን በደንብ ትይዛለህ፣ ግብር ትከፍላለህ፣ ዘመቻ ወጥተሃል? የሚል ነው። ስለ እውቀቱ አንድም ጥያቄ የለም። ወላጆቹን ችላ ያለ ሰው ግን አይሾምም። ዓመቱን ሲጨርስ ደግሞ ሒሳቡ ይመረመራል፤ ማንኛውም ዜጋ ቀርቦ ሊከስሰው ይችላል። ለአንድ ዓመት የሚሾም፣ ገብቶ የሚመረመርና ወጥቶ የሚጠየቅ ሰው ከየት መጣ ቢባል ብዙ አያስፈራም።


ባለ ቅኔ

ልጆቼ፣ ክርክራችሁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብሁ። ዕጣ ለእኛ እንግዳ እንዳልሆነ ግን ሳታነሡ አለፋችሁ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ አንድ በይሁዳ ምትክ ማን ይግባ ሲባል ዮሴፍና ማትያስ ቆሙ፤ ዕጣም ተጣጣሉ፤ ዕጣውም ለማትያስ ወደቀ። የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ፓትርያርኳን የምትሾመው በዚህ መንገድ ነው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ዓይኑ የተሸፈነ ሕፃን ከሦስት ስሞች አንዱን አውጥቶ አቡነ ታዋድሮስ ተሾሙ። በዚህ ሥርዓት ግን ዕጣው የሚገልጠው የእግዚአብሔርን ፈቃድ ነው፤ ከዕጣው በፊት ጾምና ጸሎት አለ፤ በድምፅ የተለዩ ሦስት ሰዎችም አሉ። የጎፋ ሰው ስለ አቴና የነገረን ዕጣ ጫማ ሰፊውና ባለርስቱ እኩል ናቸው ለማለት ነው። መሣሪያው አንድ ሆኖ እምነቱ ሁለት ነው።

ሌላም ላስታውስ። የግሪክ ጠቢባን ወደ ግእዝ የገቡት በመጽሐፈ ፈላስፋ ነው፤ በዐሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አባ ሚካኤል ከዐረብኛ ተረጎሙት። እዚያ ውስጥ ሶቅራጥስም አፍላጦንም (ፕላቶ) አርስጣጣሊስም (አርስቶትል) አሉ፤ የሚናገሩት ግን ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ዝምታ፣ ስለ ንጉሥ ምክር ነው። ስለ ሸንጎ፣ ስለ ዕጣ፣ ስለ አምስት መቶው አንዲት ቃል የለም። ስመለከተው ጥፋቱ የተርጓሚው አይደለም። የዐረቡ ዓለም የአርስቶትልን ሌሎች ሥራዎች ሲተረጉም ስለ ፖለቲካ የጻፈውን አላገኘውም፤ ፈላስፋው ኢብን ሩሽድ በዐሥራ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን ይህ መጽሐፍ እጄ አልገባም ብሎ በምትኩ የፕላቶን የመንግሥት ድርሰት አብራራ። የአርስቶትል መጽሐፍ በላቲን የወጣው በ1260 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። ስለዚህ በእኛ መንገድ የመጣው አቴና ምግባር የሚያስተምር ሽማግሌ ነው፤ በአውሮፓ መንገድ የሄደው አቴና ደግሞ ስለ ሥልጣን የሚከራከር ጎልማሳ ሆነ። ይህ ልዩነት ሊቃውንቶቻችን ያልነኩት ሰፊ መስክ ነው እላለሁ።


የደብሊኗ

መምህር፣ እግዜር ይስጥልን፤ እንዲህ ዓይነቱን ከየትም አናገኘውም ነበር።

እኔ የምኖረው አየርላንድ ስለሆነ አቴና የተወችው ዕጣ እንዴት እንደ ተመለሰ በቅርብ አይቻለሁ። በ2016 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የዜጎች ጉባኤ በዕጣ የወጡ 99 ሰዎችና አንዲት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሰብሳቢ ነበሩበት። ከደብሊን ወጣ ባለው ማላሃይድ ሆቴል ቅዳሜና እሑድ እየተሰበሰቡ ሐኪሞችን፣ የሕግ ሰዎችን፣ ፅንስ ያስወረዱ ሴቶችንና የሚቃወሙ ማኅበራትን አዳመጡ። በክብ ጠረጴዛ እየተከፋፈሉም መከሩ። ፖለቲከኞቹ ለሠላሳ ዓመት ሊነኩት የፈሩትን፣ ፅንስ ማስወረድን የሚመለከተውን ሕገ መንግሥታዊ አንቀጽ መለወጥ አለበት አሉ፤ በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. በሕዝበ ውሳኔ 66.4 በመቶው ተስማማ። ውጤቱን የሚደግፍም የሚቃወምም ሰው አለ፤ እኔ በዚህ መድረክ ወደዚያ አልገባም። አሠራሩን ግን የሚያጣጥል ብዙ ሰው አልሰማሁም። በቤልጂየም የጀርመንኛ ተናጋሪዎች አካባቢ ደግሞ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዕጣ የሚሞላ ቋሚ የዜጎች ምክር ቤት አለ።

አንድ ነገር ግን ከውስጤ አልወጣም። ጎረቤቴ ጥሪ ቢደርሳት መሄድ ትችል ነበር፤ እኔ ግን በዚያን ጊዜ ዜግነት ስላልነበረኝ ስሜ ሳጥኑ ውስጥ አልገባም። ግብር እከፍላለሁ፤ ሆስፒታል ውስጥ ሌሊት እሠራለሁ፤ ልጆቼ እዚሁ ይማራሉ። አቴና ውስጥ እንደ እኔ ያሉት ሜቲክ ይባሉ ነበር። ግብር ይከፍላሉ፣ ይዘምታሉ፤ ጉባኤ ግን አይገቡም። የአቴና መሪ የነበረው ፔሪክሊስ በ451 ቅ.ል.ክ. ባወጣው ሕግ ከእናትና ከአባቱ አንዳቸው እንኳ አቴናዊ ካልሆኑ ሰውየው ዜጋ ሊሆን አይችልም ነበር። እናንተ ሁላችሁ የምትጠቅሱት አርስቶትልም ከስታጊራ የመጣ ሜቲክ ነበር። ስለ ዕጣ እንደዚያ አድርጎ የጻፈው ሰው በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ በዚያ የድንጋይ መሣሪያ ውስጥ ስሙን አልሰካም። የአራዳ ልጅ ስለ ባሪያውና ስለ ሴቲቱ ያለው ትክክል ነው፤ የዛሬው ዕጣ ሴቶችን አስገብቷል፤ ስደተኛውን ግን እዚያው ደጃፍ ላይ ትቶታል።


መሐንዲሷ

ሁላችሁም ስለ ሰዎቹ ጻፋችሁ፤ እኔ ስለ ማሽኑ ልጻፍ።

ለአዲስ አበባ ሰው ዕጣ ማለት ኮንዶሚኒየም ነው። በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የወጣው ዕጣ፣ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች በመረጃው ውስጥ ገብተው ተገኝተዋል ተብሎ በቀናት ውስጥ ተሰረዘ። ስንት ዓመት የቆጠቡ ሰዎች ደስታቸው ባንድ መግለጫ ተቀማ። ዕጣው የወጣው በኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው፤ አዳራሹ ሞልቶ ካሜራ ቢደረደርም፣ ውስጡን ያየ ተመልካች አልነበረም።

ክሌሮቴሪዮን የሚደንቀኝ በዚህ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ በዓይን ይታያል። ሰሌዳህ የት ረድፍ ላይ እንደ ተሰካ ታያለህ፤ ጠጠሩ ነጭ ይሁን ጥቁር ታያለህ። ከዚያ አልፈው ሰሌዳ የሚሰካውን ሰው ራሱን በየጊዜው በዕጣ ይለውጡት ነበር፤ ምክንያቱንም ጽሑፉ በግልጽ ያስቀምጠዋል፦ ሁልጊዜ አንድ ሰው ቢሰካ ሊያጭበረብር ይችላልና ነው። የውኃ ሰዓቱን የሚቆጣጠረውም፣ ድምፅ የሚቆጥሩትም በዕጣ የወጡ ናቸው። ዳኛው የትኛው ችሎት እንደሚደርሰው የሚያውቀው ያን ዕለት ጠዋት ነው፤ ቀለም የተቀባ በትር ይሰጠዋል፤ ከበትሩ ቀለም ጋር የማይመሳሰል ደጃፍ ላይ ቢገኝ አይገባም። ማለትም አንድም ሰው ታማኝ ነው ብለው አላሰቡም፤ ታማኝነት ሳያስፈልጋቸው እንዲሠራ አደረጉት። በሙያዬ እንደዚህ የተነደፈ ሥርዓት እምብዛም አላጋጠመኝም። ዛሬ ዕጣ በሶፍትዌር ማውጣት ግድ ከሆነ ቢያንስ የሳጥኑ ዝርዝር አስቀድሞ ለሕዝብ ይለጠፍ፤ የዘፈቀደ ቁጥሩ መነሻም በአደባባይ ይውጣ። ይህን የሚከለክል የቴክኖሎጂ ችግር የለም።


የአራዳ ልጅ

መሐንዲሷ በደንብ ተናግረዋል፤ የደብሊኗ እኅቴም እንዲሁ። ግን ፈረንሳይን ማንም አላነሣም። በ2019 እ.ኤ.አ. በዕጣ የወጡ 150 ሰዎች ስለ አየር ንብረት እንዲመክሩ ተደርጎ፣ ፕሬዚዳንቱ ሐሳባችሁን ሳላጣራ አቀርበዋለሁ ብለው ቃል ገቡ። በመጨረሻ ብዙው ሐሳብ ተሸርሽሮ ወይም ተጥሎ ቀረ። ጉባኤው መካሪ እንጂ ወሳኝ አይደለም። በአቴና ግን ሸንጎው የፈረደው ፍርድ ይግባኝ አልነበረውም። ስለዚህ የተመለሰው ዕጣ ጥርሱ የወለቀ ዕጣ ነው።

የጎፋ ሰው፣ አንድ ቀጥተኛ ጥያቄ ልጠይቅህና ልተው፦ የጤና ሚኒስትሩን በዕጣ ታወጣለህ?


የጎፋ ሰው

አላወጣም። አቴናውያንም አያወጡም ነበር።

ዐሥሩ የጦር አዛዦች በእጅ ማንሣት ይመረጡ ነበር፤ ደጋግሞ መመረጥም ይፈቀድላቸዋል፤ ፔሪክሊስ ለ15 ዓመት በተከታታይ የተመረጠው ለዚህ ነው። ያው የፓፒረስ ጽሑፍ ከጦር ሹማምንት ሌላ በዕጣ የማይሾሙትን ሲዘረዝር ሦስት ሥራዎችን ይጠቅሳል፦ የጦር ገንዘብ ያዡን፣ የበዓል ገንዘቡን ተቆጣጣሪዎች እና የምንጮቹን ኃላፊ። የመጨረሻው ላይ ትኩረት አድርግልኝ። ዝናብ በሚያጥርባት ከተማ የውኃ መስመሩን የሚጠብቅ ሰው ማወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ስለዚህ ባቄላ አላወጡበትም። ፍርድን፣ ምክር ቤትን፣ እስር ቤት ጥበቃን፣ የገበያ ሚዛን ቁጥጥርንና የእህል ዋጋ ተመልካችነትን ግን ለዕጣ ሰጡ። ሶቅራጥስ ያነሣውን የመርከብ መሪ ጥያቄ ሰምተው፣ የቱ ሥራ መርከብ መምራት እንደሆነ፣ የቱ እንዳልሆነ አንድ በአንድ ለዩ ማለት ነው።

ስለዚህ ጥያቄህን እንዲህ ብታቀርበው ይሻለኛል፦ የጤና ሚኒስትሩን ሒሳብ በዓመቱ መጨረሻ የሚመረምሩትን ሰዎች በዕጣ ታወጣለህ? ለዚህኛው መልሴ አዎን ነው። አቴና ውስጥ የሹማምንትን ሒሳብ የሚያጣሩት ሰዎች በዕጣ ይወጡ ነበር፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዳኞች የሚቀመጡበት ሸንጎም ክሱን ይሰማ ነበር። በእኛ ሀገር ለዚህ የሚሆን ሥራ ከወረዳ ጀምሮ አለ። መሐንዲሷ ያሉት የዝርዝሩ አስቀድሞ መለጠፍ ከተጨመረበት፣ የቀበሌ ውኃ ኮሚቴ ሒሳብ ላይ ለመሞከር ሕገ መንግሥት መለወጥ አያስፈልግም።


ሕግ አንባቢ

የውኃ ኮሚቴውን ሐሳብ በሌላ ክር ብንቀጥለው ይሻላል፤ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ስለ ቁጥጥር ኮሚቴ አመራረጥ የሚለውን ይዤ እመለሳለሁ፤ በዚያ ላይ «ይመረጣል» የሚለው ድንጋጌ ለዕጣ በር ይከፍታል አይከፍትም የሚለውን መጀመሪያ ማየት አለብን።